ስለ ትናንሽ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች አመራረጥ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ ርእስ አንዳንዶቻችሁን ጥቂት ሳያስገርም እንደማይቀር እገምታለሁ። በዚህ መድረክ ስለ አዳዲስ መድኃኒቶች፣ ስለ መድኃኒት አያያዝና ስለ ሙያችን ሥነ ምግባር ብዙ ተነጋግረናል። ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ያውም ትንሽና ከሰው ዐይን የማይገባ ሆኖ በሚገባ የሚሠራውን ዓይነት እንዴት መምረጥ እንደሚቻል ለመናገር የቆመ ግን እስካሁን ያለ አይመስለኝም። እኔን ለመናገር ያነሣሣኝ በመድኃኒት ቤቴ ባንኮኒ ላይ የቀረበልኝ አንድ ጥያቄና እኔም ለጥያቄው የሰጠሁት ያልበቃ መልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሰፈራችን ተወላጅ የሆነና ለብዙ ዓመታት በሎንዶን ከተማ የኖረ አንድ ጎልማሳ እናቱን ለመጠየቅ ወደ አገር ቤት መጣ። ከሃያ ዓመታት በላይ ሲያጨስ የኖረውን ሲጋራ ትቶ በትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተተካ ስምንት ወር ሆኖታል። መሣሪያው በአገራችን የተከለከለ መሆኑን ከጉዞው በፊት ስለ ሰማ እዚያው ትቶት ነበር የመጣው። በመጣ በሦስተኛው ቀን ወደ መድኃኒት ቤቴ ገብቶ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አይጠፋዎትም፤ ትንሽ፣ የማይታይ፣ ግን ደኅና አድርጎ የሚሠራ የትኛውን ልያዝ? እናቴ ፊት ሲጋራ ይዤ መታየት አልችልም» አለኝ። እኔም፣ «ይህ በሕግ የተከለከለ ነው፤ እኛ ዘንድ የለም» ብዬ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞርሁ።

መልሴ ሐሰት አልነበረም። ይሁን እንጂ ከሳምንት በኋላ ይህን ሰው ከሱቅ በፍሬ የገዛውን ሲጋራ ከአጥር ጥግ ቆሞ ሲያጨስ አገኘሁት። እኔን ባየ ጊዜ ሲጋራውን ወደ ኋላው ደበቀ። ስምንት ወር ሙሉ የታገለበት ሥራ በአንድ አጭር መልስ ሊፈርስ መቻሉ በዚያች ሰዓት ገባኝ። ስለዚህ በዚያን ቀን ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን ዛሬ በእናንተ ፊት ለመመለስ እሞክራለሁ።

በመሠረቱ ይህ መሣሪያ ከሙያችን የራቀ አይደለም። ኸርበርት ጊልበርት የተባለ አሜሪካዊ ጭስና ትምባሆ የሌለው ሲጋራ ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1963 የፈጠራ መብት ጠይቆ በ1965 አግኝቶ ነበር፤ ሆኖም ሐሳቡ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2003 የፈጠረው ሖን ሊክ የተባለ ቻይናዊ ሲሆን፣ እርሱም እንደ እኛው መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ራሱ ብርቱ አጫሽ ነበር፤ አጫሽ የነበሩት አባቱም በሳንባ ካንሰር ሞተዋል። እንግዲህ መሣሪያው ሲወለድ የነበረው ዓላማ ግልጽ ነው፤ አጫሹ የለመደውን ኒኮቲን እያገኘ፣ ትምባሆ ሲቃጠል ከሚወጣው ጭስ እንዲለይ ማድረግ ነው።

አሠራሩም ውስብስብ አይደለም። ባትሪ፣ ጥምዝ የማሞቂያ ሽቦ፣ ፈሳሹን ወደ ሽቦው የሚያደርስ የጥጥ ክርና ፈሳሹን የሚይዝ ትንሽ ቋት አሉት። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ኒኮቲንና ማጣፈጫ የተቀላቀሉበት ነው። በልጅነታችን ያጠናንበትን ኩራዝ ያስታወሰ ሰው የክሩን ሥራ ወዲያውኑ ይረዳል። ክሩ ላምባውን እየሳበ እስካቀረበ ድረስ ኩራዙ በደኅና ይበራል፤ ላምባው ሲያልቅ ግን ክሩ ራሱ መንደድ ይጀምርና ቤቱን የከረፋ ሽታ ይሞላዋል። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም እንዲሁ ነው። ፈሳሹ ከሙቀቱ ጋር እኩል መድረስ ሲያቅተው ክሩ ይደርቃል፤ ግሊሰሪኑና ፕሮፒሊን ግላይኮሉም ከመጠን በላይ ግለው ወደ ፎርማልዴሃይድና ወደ አክሮሊን ይለወጣሉ። የተቃጠለ ጣዕም ለተጠቃሚው «አቁም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነውና ችላ ሊባል አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። መሣሪያው ሲያንስ የሚቀነሰው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ የሚቀነሰው የባትሪው አቅም ነው። ለምሳሌ 400 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝና 3.7 ቮልት የሆነ የሊቲየም ባትሪ ያለውን መሣሪያ እንውሰድ። በውስጡ ያለው ኀይል ወደ 5300 ጁል ይጠጋል። የሽቦው ተቃውሞ 1.2 ኦም ቢሆን መሣሪያው በ11 ዋት ገደማ ይሠራል፤ ሦስት ሰከንድ የሚፈጅ አንድ ስበትም 33 ጁል ያህል ይወስዳል። በስሌት ወደ 160 ስበት ይሰጣል ማለት ነው፤ በተግባር ግን ባትሪው እስከ መጨረሻው ስለማይራቆት ከዚህ ያንሳል። ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ ለሚውል ሰው ይህ ላይበቃው ይችላል። ባትሪው ያለቀበት ሰው ደግሞ የሚያደርገውን እናውቃለን፤ በአቅራቢያው ካለው ሱቅ አንድ ሲጋራ ይገዛል። ስለሆነም ከሁሉ ትንሹ ሁልጊዜ ከሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ላይ ለሚውል ሰው በመጠኑ ተለቅ ያለና ባትሪው 800 ያህል የሆነ፣ ወይም ሁለት ትናንሽ መሣሪያዎች መያዝ ይሻለዋል።

በሁለተኛ ደረጃ የሚቀነሰው ኀይሉና የእንፋሎቱ ብዛት ነው። ትልቁ መሣሪያ በብዙ ዋት እየሠራ ክፍሉን በእንፋሎት ሲሞላ፣ ትንሹ ጥቂት ብቻ ያወጣል። ታዲያ ጥቂት እንፋሎት የሚያወጣው መሣሪያ አጫሹን እንዴት ሊያረካ ይችላል? የዚህ መልስ ያለው ከኤሌክትሪኩ ይልቅ በኬሚስትሪው ላይ ነው።

ነጻው ኒኮቲን ባዝ እንደሆነና መጠኑ ሲጨምር ጉሮሮን እንደሚኮረኩር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ቤንዞይክን የመሰለ አሲድ ሲጨመርበት ግን የኒኮቲን ጨው ይሆናል፤ ፒ ኤቹ ይወርዳል፤ ጉሮሮንም ብዙ ሳይነካ ጠንከር ባለ መጠን ሊሳብ ይችላል። በቡናችን መስለን ብንናገር፣ ትንሿ መሣሪያ እንደ ስኒ ናት። ስኒ ከብርጭቆ ብታንስም የምትይዘው የጀበና ቡና ወፍራም ስለሆነ ጠጪው ብርጭቆ ሙሉ ቀጭን ቡና ሳያሻው ይረካል። ስለዚህ ትንሽ መሣሪያ የመረጠ ሰው ጠንከር ያለ ኒኮቲን ሊመርጥ ይገባዋል። ብዙ ሰዎች «ጤናዬን ልጠብቅ» በማለት በትንሽ መሣሪያ ላይ ደካማ ፈሳሽ ይጨምራሉ፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኒኮቲኑ ሲያንስ ሰውየው በብዛትና በረጅሙ ይስባል፤ ሽቦው ይግላል፤ እርካታ ያጣው አጫሽም ወደ ሲጋራው ይመለሳል።

በዚህ ረገድ ሕጎች ከአገር አገር ይለያያሉ። በአውሮጳ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣውና ከ2016 ጀምሮ በተሠራበት መመሪያ መሠረት፣ በብሪታንያም እንዲሁ፣ ፈሳሹ በአንድ ሚሊሊትር ከ20 ሚሊግራም የበለጠ ኒኮቲን ሊኖረው አይፈቀድም፤ ቋቱ ከ2 ሚሊሊትር፣ የመሙያውም ጠርሙስ ከ10 ሚሊሊትር ሊበልጥ አይችልም። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ጣሪያ ባለመኖሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያ ላይ የዋለው ጁል የተባለው ትንሽ መሣሪያ በሚሊሊትር 59 ሚሊግራም ያህል ኒኮቲን ይዞ ቀርቧል።

እንግዲህ መሣሪያው በሕግ በተፈቀደበት አገር የሚኖርና ሲጋራ ለመተው የወሰነ ዐዋቂ ምክር ቢጠይቀን፣ የሚከተሉትን ነጥቦች ልንነግረው እንችላለን።

1ኛ፤ ቻርጅ የሚደረግና የሚሞላ፣ ወይም ቋቱ ብቻ የሚለወጥ መሣሪያ ይምረጥ። ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ትንሽና ቀላል ቢሆንም ባትሪው ከቆሻሻ ጋር ይጣላል፤ ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች።

2ኛ፤ የሽቦው ተቃውሞ አንድ ኦም ወይም ከዚያ በላይ፣ አሳሳቡም እንደ ሲጋራ ጠበቅ ያለ ይሁን። እንዲህ ያለው መሣሪያ ጥቂት እንፋሎት ያወጣል፤ ባትሪም ይቆጥባል።

3ኛ፤ የፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ግማሽ በግማሽ ቢሆን ይመረጣል። ግሊሰሪን የበዛበት ፈሳሽ ወፍራም በመሆኑ በትንሽ ክር ውስጥ ፈጥኖ አይሄድም፤ የሚታየውንም እንፋሎት የሚያበዛው እርሱ ነው።

4ኛ፤ በቀን አንድ ፓኬት ያጨስ የነበረ ሰው በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ከሆነ የኒኮቲን ጨው ጀምሮ፣ ሲጋራውን ፈጽሞ ከተወ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንስ።

5ኛ፤ ምንጩ ያልታወቀ ፈሳሽ ፈጽሞ አይግዛ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በተነሣው የሳንባ ጉዳት እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ወይም ሞተው ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም የሞቱት 68 ነበሩ። ከጉዳቱ ጋር በብርቱ የተያያዘው በካናቢስ ፈሳሾች ውስጥ የተጨመረው የቫይታሚን ኢ አሲቴት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ፈሳሾች ከመደበኛ ገበያ ውጭ የተገኙ ነበሩ።

6ኛ፤ መሣሪያውንና ፈሳሹን ከሕፃናት እጅ ያርቅ። በአንዲት የ10 ሚሊሊትር ጠርሙስ ውስጥ 200 ሚሊግራም ኒኮቲን ሊኖር ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ዮርክ ግዛት አንድ ሕፃን ከእንዲህ ያለ ፈሳሽ ቀምሶ ሞቷል። የዕቃው ትንሽነት ለባለቤቱ ምቾት እንደሆነ ሁሉ ለሕፃኑ አደጋ ነው።

7ኛ፤ በአውሮፕላን ሲጓዝ በእጁ ይያዘው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያኑረው፤ የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ይህ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደንብ ተከልክሏል። የሚሄድበትንም አገር ሕግ አስቀድሞ ይጠይቅ። ለምሳሌ ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መሸጡን ብቻ ሳይሆን መያዙንና መጠቀሙንም ትከለክላለች።

ክቡራትና ክቡራን፤

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ዕቃው ነው። ነገር ግን «ደኅና አድርጎ የሚሠራ» የሚለው ቃል ከጠያቂው አፍ ሲወጣ እኛ ባለሙያዎች የራሳችንን መለኪያ ልናመጣ ይገባናል። ባትሪው ብዙ ጊዜ ቢቆይ፣ ጣዕሙም ቢያምር፣ ሰውየው ቀን በዚህ ሌሊት በሲጋራ የሚውል ከሆነ መሣሪያው አልሠራም። በሥራው ላይ ያለ መሣሪያ ሲጋራውን ፈጽሞ ያስቆመ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ማስረጃ አለን። እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ የወጣና በእንግሊዝ አገር 886 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተረዱት መካከል 18 በመቶ፣ በቆዳ ልጥፍ፣ በማስቲካና በመሳሰሉት የኒኮቲን ምትክ ሕክምናዎች ከተረዱት ደግሞ 9.9 በመቶ ሲጋራ ትተው ተገኝተዋል። ሁለቱም ወገኖች የባለሙያ ምክርና ክትትል ይደረግላቸው እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ከዚሁ ጥናት ግን ሁለተኛ ቁጥር ልንማር ይገባናል። ሲጋራ ከተዉት መካከል በዓመቱ መጨረሻ መሣሪያውን ገና ይጠቀሙ የነበሩት 80 በመቶ ሲሆኑ፣ በምትክ ሕክምናው ወገን ግን ሕክምናውን ገና የሚጠቀሙት 9 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ መሣሪያው ሰውየውን ከእሳቱ ቢያወጣውም ከኒኮቲኑ ገና አላወጣውም። ከጭስ ይሻላል ማለት ጉዳት የለበትም ማለት እንዳልሆነም ለጠያቂው በግልጽ መንገር አለብን።

«የማይታይ» የሚለውም ቃል ጥቂት መመርመር ይገባዋል። በእኛ አገር ልጅ በወላጁ ፊት ማጨሱ ነውር ነው። ያ ጎልማሳ ትንሽ መሣሪያ መፈለጉ እናቱን ከማክበር የመጣ ይሉኝታ እንጂ ተንኮል አልነበረም። ለእንዲህ ያለ ሰው የመሣሪያው ትንሽነት በጎ ነገር ነው፤ ለሌላው ሰው የሲጋራ ሽታና ጭስ አይተርፈውም፤ ኪሱም አይከብድም። ይሁን እንጂ ይኸው ትንሽነት በሌላ እጅ ሲገባ ሌላ ሥራ ይሠራል። ጁል የኮምፒዩተር ማስታወሻ ዱላ ይመስል ስለ ነበር የአሜሪካ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ከመምህራን ሰውረው ይስቡት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 11.7 በመቶ የነበሩት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚዎች በ2018 ወደ 20.8 በመቶ ከፍ አሉ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚተዉት ሲጋራ አልነበራቸውም፤ መሣሪያው ያተረፈላቸው ሱስን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጠያቂ በመጣ ጊዜ «ከማን ነው የምትሰውረው?» ብሎ በለሰለሰ ቃል መጠየቅ የምርጫው ክፍል ነው። ከሰው ዐይን ተሰውሮ ሲጋራን ለመተው የሚጥር አለ። እያጨሰ መሆኑን ከሐኪሙ፣ ከሚስቱ ወይም ከራሱ ሊሰውር የሚፈልግም አለ። ለሁለተኛው ሰው የትኛውም መሣሪያ አይበቃውም፤ የሚያስፈልገው ከሚያምነው ሰው ጋር ተቀምጦ መነጋገር ነው።

በአገራችን ያለው ሕግ የታወቀ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትንና መሸጥን ይከለክላል፤ ትምባሆንም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከልክሏል። ከላይ ያየነው የአሜሪካ ተማሪዎች ታሪክ ሕግ አውጪው ለምን እንደ ሠጋ በቂ ማብራሪያ ይሰጣል። ስለዚህ ማናችንም ብንሆን ይህን ዕቃ በመደርደሪያችን ላይ ልናኖር፣ ከየት እንደሚገኝም ልንጠቁም አይገባንም። ሆኖም ሕጉ ዕቃውን ከለከለ እንጂ ምክርን አልከለከለም። የእኔ ስሕተት ሁለቱን እንደ አንድ ነገር መቁጠሬ ነው።

በዚያን ቀን ልነግረው ይገባኝ የነበረው ይህ ነው። ከሁሉም ይልቅ ትንሹ፣ ከሁሉም ይልቅ የማይታየው የኒኮቲን መሣሪያ በሸሚዝ ሥር የሚለጠፈው ልጥፍ ነው። ባትሪ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ እንፋሎት የለውም፤ እናት ፊት ተቀምጦ ቡና ሲጠጣም ማንም አያውቅበትም። ድክመቱ ኒኮቲኑን በዝግታ መስጠቱ ነውና፣ ድንገት ለሚመጣው አምሮት ፈጥኖ የሚሠራ የኒኮቲን ማስቲካ ቢታከልበት ልጥፉ ለብቻው ከሚሰጠው ውጤት የተሻለ እንደሚገኝ በጥናት ተረጋግጧል። የኒኮቲን ምትክ ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ በ2021ም ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን ተጨምረውበታል። ከውጭ አገር ለሚመጡ ዘመዶቻችንም፣ ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን አማክረው ለቆይታቸው የሚበቃ ልጥፍና ማስቲካ እንዲይዙ በስልክም ቢሆን ልንመክራቸው እንችላለን።

ያ ሰው ወደ ሎንዶን ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው ሊሰናበተኝ መጣ። ወንበር ስቤ አስቀመጥሁትና ዛሬ ለእናንተ የተናገርሁትን በአጭሩ ነገርሁት። በመጀመሪያ መልሴም ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይህን በመጣሁ ሰሞን ቢነግሩኝ ኖሮ» አለኝ። ቀጥሎ የሚለው አልነበረውም፤ እኔም የምመልስለት አልነበረኝም። ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ነበር።

ውድ ባልደረቦቼ፤ በባንኮኒያችን ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ጥያቄውን ለማንሣት ብዙ ኀፍረት ተሻግሮ የመጣ ነው። የምንሸጥለት ዕቃ ባይኖረንም የምናውቀውን ሳንነግረው እንዳንሸኘው አደራ እላለሁ።